የተማሪው እንጀራ፦ ከጓላ እስከ ቫቲካን

በሀገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሪን ማብላት የመንደሩ ድርሻ ነበር። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደጅ ይቆምና «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የቤቱ እመቤት ከመሶቧ ቁራሽ አውጥታ ትሰጠዋለች። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ አትመረምረውም። ንባቡም፣ ዜማውም፣ ቅኔውም፣ ትርጓሜውም ለዘመናት የኖሩት በዚህ ቁራሽ ነው።

የካቶሊክ ካህን ለመሆን የተማሩት ኢትዮጵያውያን ታሪክ ከዚህ መሶብ ርቆ የተሠራ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ ብዙ ጊዜም ውግዘት ነበረባቸው፤ ከደጅ ቆመው ቢለምኑ የሚከፈትላቸውን በር ማግኘት ይቸግራቸው ነበር። እነሱን ለማስተማር የተነሣ ሁሉ ከሥነ መለኮቱ በፊት ምን እንደሚበሉና የት እንደሚያድሩ ማሰብ ግድ ሆነበት። እንጀራው ከየት ከየት እንደመጣ ከመነሻው ጀምረን እንተርከው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው ሮም ነው። በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን የተላኩ መነኮሳት በፍሎረንስ ጉባኤ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሮም የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች እየበዙ ሄዱ። በዚያው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 4ኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ ያለውን ማረፊያ ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ። ዛሬም ድረስ «ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ» ተብሎ ይጠራል፤ በቫቲካን ክልል ውስጥ ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጥንታዊው ነው። ቤቱ የተሰጠው ለተሳላሚ ማደሪያነት ነበር። መኝታና ምግብ ባለበት ግን መጽሐፍ ይከፈታልና መነኮሳቱ ብዙም ሳይቆዩ የትምህርት ሥራ ጀመሩበት።

ከእነዚህ መነኮሳት ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ነው። የግራኝ ጦርነት ሀገሪቱን ባመሰበት ዘመን ሮም ገባ። በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ድጋፍ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 አሳተመ። የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ግእዝ አያነቡም ነበር፤ የፊደሉ ጭንቀት ሁሉ የወደቀው በእሱና በጓደኞቹ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1649፣ ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝ ለመማር የመጣው ወደዚሁ ቤት ነው፤ አስተማሪ ሆነው የተገኙት ደግሞ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ሉዶልፍ ለአውሮፓ ያበረከታቸው የኢትዮጵያ መዝገበ ቃላትና ታሪክ መሠረታቸው የአባ ጎርጎርዮስ እውቀት ነው። አንዲት የማረፊያ ቤት ለጥቂት መነኮሳት ጣራና ምግብ ስትሰጥ ምን ያህል ፍሬ እንደምታፈራ ከዚህ በላይ ማሳያ አላውቅም።

በሁለቱ መነኮሳት ዘመን መካከል በሀገር ቤት ትልቁ ስብራት ደረሰ። ኢየሱሳውያን በዐድዋ አቅራቢያ በፍሬሞና ሰፍረው ልጆች ያስተምሩ ነበር፤ የሀገሩን ልማድ አክብረው የሠሩት ጴጥሮስ ጳኤዝ ዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክን እምነት እንዲቀበሉ እስከ ማሳመን ደረሱ። በ1622 ጳኤዝ ሞቱና በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ መጡ። ሜንዴዝ የኢትዮጵያን ሥርዐት በላቲን ሥርዐት ሊተኩ ተነሡ፤ የሀገሬው ካህናት ክህነታቸው እንደገና እንዲሰጣቸው አዘዙ፤ በዓላቱንና ጾሙን ነኩ። ደም ፈሰሰ። ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። እንደኔ ፍርድ ሜንዴዝ ያጠፉት ጥፋት ከጦር የከፋ ነበር፤ የገዛ ካህናቷን እንደ ካህን ያልቆጠረላትን እንግዳ ኢትዮጵያ ሁለት መቶ ዓመት አልረሳችለትም። ከዚያ በኋላ «ካቶሊክ» የተባለ ሁሉ የሜንዴዝ መልእክተኛ መስሎ ይታይ ነበር፤ የቆሎ ተማሪውን የሚመግበው መሶብም ለካቶሊኩ ተማሪ የተከደነው ያን ጊዜ ነው።

ሮም መንገዱን በሌላ በኩል ሞከረችው። በ1622 የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ፣ በ1627 ደግሞ ከዓለም ዳርቻ የሚመጡ ወጣቶች ለክህነት የሚማሩበት የኡርባኖ ኮሌጅ ተቋቋመ። ኢትዮጵያውያን ልጆችም ገቡበት። ከተማሪዎቹ አንዱ አባ ጦብያ ገብረ እግዚአብሔር በ1788 ጵጵስና ተቀብለው ወደ ሀገራቸው ተመለሱ፤ የሚያርፉበት ደብር፣ የሚቀበላቸው ሕዝብ ግን አላገኙምና ሥራቸው ሥር ሳይሰድ ቀረ። ተማሪውን ባሕር አሻግሮ ማስተማሩ ይቻል ነበር፤ ሲመለስ የሚቆምበትን መሬት ማዘጋጀት ግን ሌላ ሰው ይጠብቅ ነበር።

ያ ሰው በጥቅምት ወር 1839 ምጽዋ ደረሰ። ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ በ1800 በደቡብ ጣልያን በሳን ፌሌ የተወለዱ የላዛሪስት ማኅበር ካህን ናቸው። ዐድዋ ገብተው ግእዝና አማርኛ ተማሩ፣ እንደ ሀገሩ መነኩሴ ለበሱ፣ እንደ ሀገሩ ጾሙ። ሰው «አቡነ ያዕቆብ» ይላቸው ጀመር፤ ስማቸው ዛሬም ይኸው ነው። ሰውን ወደ ላቲን ቅዳሴ መጥራት አልፈለጉም። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ካህን በኢትዮጵያ ሥርዐት የሚቀድስ፣ በግእዝ የሚጸልይ ኢትዮጵያዊ መሆን አለበት ብለው ቆረጡ፤ በዚህ አሳባቸውም እስከ መጨረሻው ጸኑ።

በ1841 መጀመሪያ የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ የሚያስመጣ መልእክተኛ ወደ ካይሮ ሲልኩ አቡነ ያዕቆብ አብረው እንዲሄዱ ለመኗቸው። እሳቸውም መልእክተኞቹ ሮምን እንዲያዩ ቢፈቀድ ብለው ተስማሙ። ከተጓዦቹ መካከል አንድ ዓይናቸው የጠፋ፣ የመርጡለ ማርያም መነኩሴ፣ በጎጃም በዲቦ የተወለዱ ሊቅ ነበሩ፤ አባ ገብረ ሚካኤል ይባላሉ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የሚደረገው የዘመኑ የጸጋና የቅባት ክርክር ያስጨነቃቸው፣ ጥንታዊ መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ገዳም የሚዞሩ ሰው ነበሩ። ከካይሮ ወጣቱ አቡነ ሰላማ ጳጳስ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ፤ የተወሰኑት መልእክተኞች ግን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሮም ተሻግረው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ፊት ቀረቡ፣ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። በመንገዱ ላይ ጣልያናዊው ካህንና ጎጃሜው ሊቅ ብዙ ተወያዩ። አባ ገብረ ሚካኤል ለመወሰን አልቸኮሉም፤ መጽሐፍ እያገላበጡ፣ እየጠየቁ ቆይተው በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ያን ጊዜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነበሩ።

በዚያው ዓመት አካባቢ አቡነ ያዕቆብ በአጋሜ፣ ከዐዲግራት ብዙ በማይርቀው በጓላ፣ ቦታ አገኙና የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ከፈቱ። የሰሜኑ የካቶሊክ ክህነት ትምህርት በሀገሩ መሬት ሥር የያዘው እዚህ ነው። ተማሪና መምህር አብሮ ይኖራል። ከሌላ ሀገር የላቲን መጽሐፍ አምጥቶ ከመጫን ይልቅ የሀገሩ ሊቅ የሀገሩን ትምህርት ያስተምራል፤ አባ ገብረ ሚካኤል መምህር ሆኑ፣ ከአቡነ ያዕቆብም ጋር ለተማሪዎቹና ለሕዝቡ የሚሆን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ አዘጋጁ። በቅኔ ቤት የተሳለ አእምሮ ለዘርአ ክህነቱ መሠረት ሆነ ማለት ነው። የእነዚያ በየደጁ የተለመኑ ቁራሾች ፍሬ በጓላም ይበላ ነበር።

የጓላ ገንዘብ ከየት መጣ? በ1822 በፈረንሳይ በሊዮን ከተማ ፖሊን ዣሪኮ የምትባል ወጣት የሐር ሠራተኛ ሴቶችን አሥር አሥር አድርጋ አደራጅታ ነበር። እያንዳንዷ በሳምንት አንድ ሱ፣ ማለትም ትንሿን የመዳብ ሳንቲም፣ ታዋጣለች፤ ገንዘቡ ተጠራቅሞ ለሩቅ ሀገር ሚሲዮኖች ይላካል። አቡነ ያዕቆብን የመሰሉ ሚሲዮናውያን የኖሩት በእንዲህ ያለ መዋጮ ነው። በሊዮን ሐር የምትፈትል ሴት አጋሜን በካርታ ላይ ማግኘት አትችልም ነበር፤ የተማሪው ራት ግን ከእሷም እጅ ይወጣ ነበር።

ገንዘቡ እንጂ ሰላሙ አልተገኘም። አቡነ ሰላማ የካቶሊኮቹን ሥራ በሥልጣናቸው ላይ የተነሣ አደጋ አድርገው አዩት፤ የሱስንዮስን ዘመን ደም ለሚያስታውስ ሕዝብ መሪ ይህ ፍርሃት መሠረት የለሽ አልነበረም። ካቶሊኮቹንና ከእነሱ ጋር የሚተባበረውን ሁሉ አወገዙ። ግዝት ሲወድቅ ጎረቤት እሳት አይጫጫርም፤ ገበያም ይዘጋል፤ መምህርና ተማሪ ጓላን ለቀው ወደ ኢሮብ ተራሮች፣ ወደ ዓሊቴና፣ ከዚያም ወደ ሓላይና ወደ ምጽዋ ዳርቻ ተንከራተቱ። ትምህርቱ ግን ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ተሰደደ።

ሌላው እጥረት ጳጳስ ነበር። ክህነት የሚሰጥ ከሌለ የተማረው ተማሪ መቼ ይሾማል? በ1846 የካፑቺኑ ጳጳስ ጉልየልሞ ማስያስ ወደ ኦሮሞ ሀገር ለመሻገር ሲሉ በምጽዋ በኩል መጡ፤ ወደ ጓላም ወጥተው ለተዘጋጁት ክህነት ሰጡ። አቡነ ያዕቆብም ጵጵስናን ከእሳቸው ተቀበሉ፤ ጊዜው ጥር 1849፣ ቦታው ምጽዋ ነው፣ አደጋው ስለበዛ የተፈጸመውም በሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ በኢትዮጵያ ሥርዐት ክህነት መስጠት ጀመሩ። ጥር 1 ቀን 1851 ከሾሟቸው ካህናት አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ተማሪዎቻቸውን ለክህነት ሲያዘጋጁ የኖሩት መምህር ራሳቸው ቅስና የተቀበሉት በስድሳ ዓመታቸው አካባቢ ነው።

በ1854 ሁለቱም ጎንደር ላይ ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ታስረው ከቆዩ በኋላ ከሀገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልና አራት ጓደኞቻቸው እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ተሠቃዩ፤ እምነታቸውን አልለወጡም። በየካቲት 1855 ደጃዝማች ካሣ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሽማግሌው ሊቅ በንጉሡ ፊት ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው፤ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለማለዱላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። በሰንሰለት እንደታሰሩ ከጦሩ ጋር ከቦታ ቦታ ሲጎተቱ ሰነበቱና በዚያው ክረምት በመንገድ ላይ ዐረፉ። ከእስር የተረፉት ደቀ መዛሙርት ታሪኩን አልጣሉትም፤ ከእነሱ አንዱ የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት የአቡነ ያዕቆብን ሕይወት በአማርኛ ጻፉ፤ ስለዚያ ዘመን ከምናውቀው ብዙው የእሳቸው ምስክርነት ነው።

አቡነ ያዕቆብ የቀሩትን ዓመታት በምጽዋና በአካለ ጉዛይ መካከል አሳለፉ። ሐምሌ 1860 በትኩሳት ታመው ከእምኩሉ ወደ ደጋው ወደ ሓላይ ሲወጡ በአሊገደ ሸለቆ ኃይላቸው አለቀ። ሐምሌ 31 ቀን፣ በጠራራው፣ በዛፍ ሥር ዐረፉ። አጠገባቸው የነበሩት ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው፤ የመጨረሻ ምክራቸውንም የተናገሩት ለእነሱ ነው። አስከሬናቸውን ተሸክመው ሄቦ ቀበሩት።

ማስያስ በበኩላቸው ደቡቡን ይዘው ነበር። እንደ ነጋዴ ተመስለው ገብተው ጉድሩን፣ ከፋን፣ በኋላም ሸዋን አዳረሱ፤ ፈንጣጣ ይከትቡ ነበርና ሕዝቡ በዚያም ወደዳቸው። የሀገሩን ልጆች አስተምረው ክህነት ሰጡ። በ1860ዎቹ ግን ሌላ ነገር ሞከሩ፤ በፈረንሳይ በማርሴይ ለኦሮሞ ወጣቶች ኮሌጅ ከፈቱ። ብርዱና በሽታው ወጣቶቹን ጎዳ፣ ኮሌጁም ብዙ አልቆየም። በ1861 ከከፋ ሲባረሩ ትተዋቸው የሄዱት የሀገሬው ካህናት በአንጻሩ ሕዝባቸውን ይዘው ቆዩ። ጓላንና ከፋን ከማርሴይ ጋር ላስተያየ ሰው ተማሪ በገዛ አየሩ፣ በገዛ ቋንቋው ሲረዳ እንደሚጸና ግልጽ ነበር። ይህን የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን በይፋ ለመናገር ግን ሌላ ግማሽ መቶ ዓመት ፈጀባት።

በሰሜኑ ላዛሪስቶቹ ዘርአ ክህነቱን ወደ ከረን አሻገሩት። ከ1888 ጀምሮ ክፉ ቀን መጣ፤ ከብት አለቀ፣ ሰው በየመንገዱ ወደቀ። ለወትሮው ተማሪን የሚመግበው ገበሬ ራሱ ለማኝ ሆነ።

በዚያው ክፉ ቀን መባቻ ከኢትዮጵያ በጣም ርቆ፣ በፈረንሳይ ኖርማንዲ በካን ከተማ፣ አንድ ደብዳቤ ደረሰ። ጊዜው ሰኔ 1889 ነው። ጸሐፊው በጃፓን የናጋሳኪ ጳጳስ ጁል ኩዛን ናቸው። የናጋሳኪን ነገር ላላወቀ ይህን ልንገር፤ በጃፓን ክርስትና ከታገደና ካህናቱ ካለቁ በኋላ ምእመናኑ ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ ያለ ካህን፣ እርስ በርሳቸው ልጆቻቸውን እያጠመቁ፣ ተደብቀው ኖረዋል። በ1865 ራሳቸውን ለአንድ ፈረንሳዊ ካህን ገለጹ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙ ወጣቶች ለክህነት እንዲማሩ ይጠይቁ ነበር፤ ጳጳሱ ግን የሚያበሉበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ይመልሷቸው ነበር። ሁለት መቶ ዓመት ካህን የጠበቀ ሕዝብ ልጁን ለክህነት ሲያቀርብ በምግብ እጦት «ሂድ» መባሉ ልብ ይሰብራል።

ደብዳቤው የደረሳቸው እመት ስቴፋኒ ቢጋርና ልጃቸው ዣን ናቸው። ከዚያ በፊት በኪዮቶ ለሚሠሩት ለአባ ቪሊዮን የቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሰጥተው ነበር፤ ያ ቤተ ክርስቲያን በ1890 ተሠርቷል። አሁን ግን ሕንጻ ከማሠራት ሰው ማስተማር እንደሚቀድም ገባቸው። በ1889 የቅዱስ ጴጥሮስ ሐዋርያ ማኅበርን መሠረቱ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ደብር የአንድን ተማሪ ወጪ ይሸከማል፣ ይጸልይለታል፣ አንዳንዱም ለዘላለም የሚያገለግል ቋሚ ገንዘብ ያስቀምጣል። እናትና ልጅ የራሳቸውን ኑሮ አጥብበው ሀብታቸውን አፈሰሱበት፣ ለጳጳሳት ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ለቅዳሴ የሚሆን አልባሳት ሲያሰፉ ከረሙ። በፈረንሳይ ሕጉ ስላላመቻቸው በ1902 መቀመጫውን ወደ ስዊዘርላንድ ፍሪቡርግ ወሰዱት። በቀጣዩ ዓመት እናት ሞቱ። ዣን የእናቷን ሞት መሸከም አቃታት፤ አእምሮዋ ታወከ፣ ማኅበሩ ወደ ሌሎች እጅ ተላለፈ፣ እሷም ከሠላሳ ዓመት ያህል ሕመም በኋላ በ1934 ዐረፈች። በ1922 ማኅበሩ የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ማኅበር ተብሎ በዓለም ሲታወቅ መሥራቿ በሕክምና ቤት ነበረች። ዛሬ በአፍሪካና በእስያ ለክህነት ከሚማሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ፣ በደቡብ ኢትዮጵያ ያሉትም ጭምር፣ ከዚህ ማኅበር ይረዳሉ፤ ይህች ሴት በብዙ ዘርአ ክህነት ጸሎት ውስጥ ስሟ ሊጠራ ይገባል።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ጣልያን ኤርትራን ስትይዝ ፈረንሳውያን ላዛሪስቶች በ1890ዎቹ አጋማሽ ከዚያ እንዲወጡ ተደረገና ሥራው በጣልያን ካፑቺኖች እጅ ገባ። ከወጡት አንዳንዶቹ በዓሊቴና እንደገና ጀመሩ። በሐረር ደግሞ አባ እንድርያስ የሚባሉት ጳጳስ ዣሮሶ፣ ተፈሪ መኰንንን በልጅነታቸው ያስተማሩት፣ ሥራቸውን ያካሂዱ ነበር። ትምህርት ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ መምህራኑ ጥቂት፤ የአውሮፓ ፖለቲካ በተለዋወጠ ቁጥር ይናወጣሉ።

በመጨረሻ ሮም ራሷ አሳቧን ቀየረች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ በ1917 ለምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ራሱን የቻለ ጉባኤ አቋቋሙ፤ በ1919 ባወጡት ደብዳቤ ሚሲዮናውያን የሀገሬውን ልጅ ረዳት ሳይሆን መሪ አድርገው እንዲያስተምሩ አዘዙ። በዚያው በ1919 የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ማረፊያ የኢትዮጵያ ኮሌጅ እንዲሆን ወሰኑ። አባ ተስፋ ጽዮን ፊደል የለቀመበት፣ አባ ጎርጎርዮስ ያስተማሩበት ቤት አሁን በስምም በሥራም ዘርአ ክህነት ሆነ። ተማሪዎቹ በሮም ይማራሉ፣ ጸሎታቸውንና ቅዳሴያቸውን ግን በግእዝ ያደርሳሉ።

ቤቱ አሮጌና ጠባብ ነበር። የላተራን ውል በ1929 ተፈርሞ ቫቲካን መንግሥት ስትሆን ፒዮስ 11ኛ በአትክልቱ ሥፍራ ውስጥ አዲስ ሕንጻ አሠሩላቸው፤ በየካቲት 1930 የኮሌጁ ሕግ ጸደቀ። በቫቲካን ቅጥር ውስጥ እንዲህ ያለ ኮሌጅ የተሰጠው ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በጥቅምት 1926፣ እኚሁ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት አባ ገብረ ሚካኤልን ብፁዕ ብለው ነበር። በኮሌጁ ለሚማሩት ልጆች ብፁዕ የሆነው የመጽሐፍ ሰው ወይም የሩቅ ሀገር ቅዱስ አልነበረም፤ የራሳቸው የዘርአ ክህነት መምህር ነው።

በ1930 ከኢትዮጵያ ሥርዐት ካህናት አባ ኪዳነ ማርያም ካሣ ለኤርትራ ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ምሁሩ አባ ተክለ ማርያም ሰምሐራይ በሮም ተቀምጠው ስለ ግእዙ ቅዳሴ ሲጽፉ ኖሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ስትወር በሮም መንገዶች የድል ሰልፍ ይታይ ነበር፤ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በዚያ ጊዜ ምን እንደተሰማቸው ማሰብ ከባድ ነው። ቤቱ ግን አልተዘጋም። በ1945 በግእዝ የታተመው የቫቲካን መጽሐፈ ቅዳሴ ወጣ፤ በሀገር ቤት ያለው ካህን በእጅ ከተገለበጠ ብራና ሌላ የታተመ መጽሐፍ አገኘ።

በ1951 በአዲስ አበባ የኢትዮጵያ ሥርዐት መንበር ተቋቋመ፤ በ1961 ሊቀ ጳጳስ ያለው ሆኖ አዲግራትና አሥመራ በሥሩ ገቡ። የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ አቡነ አሥራተ ማርያም ይመሩ፣ የአዲግራቱ ጳጳስ አቡነ ኃይለ ማርያም ካሕሳይ ሆኑ። በሜንዴዝ ዘመን የሀገሬው ካህን ክህነቱ እንኳ አይታመንም ነበር፤ አሁን መንበሩ የሀገሬው ሆነ።

በ1975 ሁለት ነገር በአንድ ዓመት ሆነ። በጥቅምት ወር ጳውሎስ 6ኛ አቡነ ያዕቆብን ቅዱስ ብለው አወጁ። በዚያው ዓመት ደርግ የገጠር መሬትንና ትርፍ የከተማ ቤቶችን ወረሰ፤ ከመሬትና ከኪራይ ከሚገኝ ገቢ ተማሪ ይቀልቡ የነበሩ ተቋማት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ለዘርአ ክህነት የውጭ እርዳታ ከዚያ ወዲህ ይበልጥ ግድ ሆነ። የሀገር ውስጥ ምእመናን ድርሻም ቀላል አይደለም፤ ጤፍና ገብስ የሚያዋጣው ገበሬ፣ የበኩር ልጁን ሰጥቶ የእርሻ እጁን ያጎደለ አባት በማንኛውም ሒሳብ መዝገብ ላይ አይገኝም፣ ከሁሉ በላይ የሰጠው ግን እሱ ይመስለኛል።

በዚያ ዘመን ከተሾሙት ወጣት ካህናት አንዱ በ1948 በሐረር የተወለዱት፣ የአቡነ ያዕቆብ ማኅበር የላዛሪስቶች አባል አባ ብርሃነየሱስ ሱራፌል ናቸው። በ1976 ቅስና ተቀብለው ወደ ቦንጋ፣ ማስያስ ካህናቶቻቸውን ትተው ወደተባረሩበት ወደ ከፋ ምድር ተላኩ። በ1979 ደርግ አሠራቸው፤ ሰባት ወር ታሰሩ፣ ከዚያም ውስጥ አንዱን ወር ለብቻቸው ተዘግተው። ሲፈቱ ትምህርታቸውን በሮም ቀጠሉ። በ1999 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ2015 ካርዲናል ሆኑ፤ ከእሳቸው በፊት ይህን ማዕረግ ከኢትዮጵያ የተቀበሉት በ1985 የተሾሙት፣ ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ የመለሱት አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ ብቻ ናቸው።